ካርታው የዕጣ፣ ውሳኔው የራስ

(በላሊበላ ለወጣቶችና ለወላጆች የተሰናዳ ዲስኩር)



የዛሬው ርእስ የፖከር ውድድር መሆኑ ሲነገር ከወደ ኋላ ጉምጉምታ ሰማሁ። ተገቢ ጉምጉምታ ነው። ፖከር በካርታና በገንዘብ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው፤ በእኛ ቋንቋ ስሙ ቁማር ነው። ዐሥራ አንድ ቤተ መቅደስ ከዐለት በተፈለፈለባት ከተማ፣ ካህናትና መነኮሳት በተቀመጡበት ጉባኤ፣ ስለ ቁማር ማውራት ምን አመጣው?

መልሴ አጭር ነው፤ ቁማሩ ቀድሞን መጥቷል። ዛሬ ከላሊበላ ሳይወጡ፣ ከአልጋ ሳይነሡ፣ በስልክ በእንግሊዝ የእግር ኳስ ግጥሚያ ላይ ገንዘብ ማስያዝ ይቻላል። ልጆቻችን ቲኬት ይቆርጣሉ፣ ይከስራሉ፣ ይበደራሉ፣ ደግመው ይቆርጣሉ። ስለዚህ እኔ ቁማር ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ከተራ ኑሮ ተነሥተው የዓለም ታላቁ የካርታ ውድድር ላይ የደረሱ ሰዎች በመንገዳቸው ምን እንደ ተማሩ ልነግራችሁ መጣሁ። የተማሩት ዋና ነገር አንድ ነው፤ ውሳኔንና ውጤትን ለያይቶ መመዘን። ይህን የቻለን ሰው ቁማር ቤት በቀላሉ አያታልለውም። ያልቻለ ግን ቁማር ቤት ደጃፍ ሳይደርስም ይታለላል።

ዕጣ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በይሁዳ ምትክ ማትያስ በዕጣ ከዐሥራ አንዱ ሐዋርያት ጋር ተቆጠረ። በመስቀሉ ሥር ደግሞ ወታደሮች በጌታ ልብስ ላይ ዕጣ ተጣጣሉ። ዕጣው አንድ ነው፤ ያወጡት ሰዎች ግን ምን ፈልገው፣ ምን አስይዘው እንደ ሆነ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። የዛሬው ነገሬም ዕጣው ላይ ሳይሆን ሰውየው ላይ ያተኩራል።

መጀመሪያ የራሳችንን እንይ። በአገራችን ሁለት ትልልቅ የአእምሮ ጨዋታዎች አሉ። አንዱ ገበጣ ነው። እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ይጫወተዋል፤ ደኅና ዕቃ ያለው ደግሞ ከእንጨት አስጠርቦ ቤቱ ያስቀምጠዋል። ሁለተኛው በመኳንንቱ አዳራሽ የኖረው ሰንጠረዥ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠቅሳለሁ) ስለ ሁለቱም ሰፊ ጥናት አሳትሟል። የሰንጠረዥ አጀማመር ከተለመደው ቼዝ ይለያል። ተጫዋቾቹ ተራ አይጠብቁም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በፈለጉት ፍጥነት ጠጠሮቻቸውን ያሰልፋሉ። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃና ጨዋታው በተራ ይሆናል። አረታቱም ወግ ነበረው፤ በኃይለኛ ጠጠር ደፍጥጦ ንጉሥን መያዝ አያስመሰግንም፤ በትናንሾቹ ትብብር ማጥመድ ግን ያስመሰግን ነበር።

ሁለቱም ጨዋታዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ የተደበቀ ነገር የለባቸውም። የገበጣው ጠጠር ሁሉ ይታያል፤ የሰንጠረዡም ሰልፍ እንደዚያው። የተረታ ሰው ሳያስብ ቀርቶ ነው እንጂ ዕድል ከድቶት አይደለም። ፖከር ከእነዚህ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የባላጋራህን ካርታ አታይም፤ ቀጥሎ የሚወጣውንም አታውቅም። በደንብ አስበህ ልትሸነፍ፣ ሳታስብ ልታሸንፍ ትችላለህ። ኑሮ ወደ የትኛው እንደሚቀርብ እናንተ ፍረዱ። ሀንጋሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ቮን ኖይማን በ1928 ስለ ጨዋታዎች ሒሳብ ሲጽፍ፣ በኋላም በ1944 ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ታዋቂውን የጨዋታ ንድፈ ሐሳብ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ ፖከርን በቁም ነገር የመረመረው በዚሁ ምክንያት ነው።

አሁን ውድድሩ እንዴት እንደሚካሄድ በአጭሩ ልንገራችሁ። ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ባለችው ላስ ቬጋስ ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ የዓለም የፖከር ሻምፒዮና ይካሄዳል። የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው። ለዚያ ክፍያ ቺፕ የሚባሉ፣ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠፍጣፋ ክቦች ይሰጡሃል፤ ሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ይይዛል። ቺፑን ወደ ገንዘብ መመንዘር አይቻልም። ያለቀበት ሰው ተነሥቶ ይወጣል፤ አንድ ሰው ሁሉንም ጠቅልሎ እስኪይዝ ድረስ ይቀጥላል። በግዴታ የሚመደበው መጠን በየጊዜው ከፍ ስለሚል ጥግ ይዞ መሸሸግ አያዋጣም። ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ካርታ በድብቅ ይታደላል፤ ከዚያ አምስት ካርታ በመሐል ለሁሉም በግልጽ ይዘረጋል። ትልቁ ሁለት ካርታ ጥንድ ኤስ ነው፤ ያ የሚደርስህ በአማካይ ከ221 ዕደላ አንድ ጊዜ ነው። ከዚህ የተነሣ የጎበዝ ተጫዋች ዋና ሥራ መጣል ነው። ከሚታደለው ካርታ አብዛኛውን ሳይወራረድበት ይጥላል።

የዚህ ውድድር ትልቁ ጠባይ አንድ ነው፤ የምትከስረው ከመግቢያህ አያልፍም። ቺፕህ ሲያልቅ ወንበርህን ትለቃለህ፤ ከኪስህ ጨምረህ የምታስይዝበት መንገድ በዚያ ጠረጴዛ የለም። ሰውን ከቤቱና ከትዳሩ የሚያፈናቅለው የቁማር ዓይነት ግን ይህ ወሰን የሌለው ነው፤ የተበላውን ለማስመለስ ሌላ እያስያዙ የሚሄዱበት።

ወደ ሰዎቹ ልግባ። በ2003 ክሪስ መኒሜከር የሚባል የ27 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ በአሜሪካ ቴነሲ ግዛት ይኖር ነበር። በኢንተርኔት የካርታ ውድድር 86 ዶላር ከፍሎ ገባ። ይህ የማጣሪያ ውድድር ነው፤ አሠራሩም ከዕቁብ ጋር ይቀራረባል፤ ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፣ ጥቂቶች ብዙውን ይወስዳሉ። ልዩነቱ ዕቁብ ሁሉንም በየተራው ሲያዳርስ እዚህ የቀረው ሰው ተራ የለውም። ያን ማጣሪያ አልፎ ወደ ሁለተኛው ሲደርስ መኒሜከር የፈለገው አንደኛ መሆን አልነበረም። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች የላስ ቬጋስ ወንበር፣ ለአራተኛው 8,000 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ነበርና፣ ዕዳ ስለ ነበረበት አራተኛነቱን ተመኘ። ጓደኛው ወትውቶ ሐሳቡን አስለወጠው። ከላስ ቬጋስ ድርሻውም የተወሰነውን ለአባቱና ለጓደኛ ሸጠ። በሕይወቱ ፊት ለፊት የተቀመጠበት የመጀመሪያ ትልቅ ውድድር ይህ ነበር። 839 ሰዎች ተወዳደሩ።

ከዚያ ውድድር ሁለት ጊዜያትን በቅርብ እንመልከት።

የመጀመሪያው ዐሥር ሰዎች ሲቀሩ ነው። ከመኒሜከር ፊት ለፊት የነበረው ፊል አይቪ ነው፤ በዘመኑ ከሚፈሩት ተጫዋቾች አንዱ። መኒሜከር ኤስና ንግሥት ይዟል፤ አይቪ ሁለት ዘጠኝ። መሐል የተዘረጉት የመጀመሪያ ሦስት ካርታዎች ሁለት ንግሥትና አንድ ስድስት ናቸው። መኒሜከር ሦስት ንግሥት ስላለው እየመራ ነው። አራተኛው ካርታ ዘጠኝ ሆኖ ወጣ፤ አሁን አይቪ ሦስት ዘጠኝ ከሁለት ንግሥት ጋር ሠርቷል፤ መሪነቱ ተገለበጠ። አንድ ካርታ ብቻ ቀርቷል። መኒሜከርን የሚያድኑት ሦስት ኤሶች፣ ሦስት ስድስቶችና የመጨረሻዋ ንግሥት ናቸው፤ ካልታዩት 44 ካርታዎች ሰባቱ፣ ማለትም ከመቶ 16 ያህል። የመጨረሻው ካርታ ኤስ ሆነ። አይቪ ዐሥረኛ ሆኖ ወጣ።

ይህን ያየ ሰው «ዕድል ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። አይቪ በዚያች ዘጠኝ ወደ ፊት ወጥቶ ነበር፤ በኤሷ ደግሞ ወደቀ። ሁለቱም የዕጣ ነገር ናቸው።

ሁለተኛው መጨረሻ ላይ ሁለት ሰዎች ሲቀሩ ነው፤ መኒሜከርና ሳሚ ፋርሃ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ። ፋርሃ ከመሐሉ ዘጠኝ ጋር የተጣመረ ዘጠኝ ይዟል። መኒሜከር ንጉሥና ሰባት ይዞ ቀጥሎ በሚወጣው ካርታ ተስፋ አድርጎ ነበር፤ ተስፋው አልሞላም፤ በእጁ ምንም የለም። ያኔ ያለውን ቺፕ ሁሉ ወደ መሐል ገፋ። በፖከር ይህ ብለፍ ይባላል፤ ባዶ እጅን ሙሉ አስመስሎ ማቅረብ። ፋርሃ ረጅም አሰበ፤ ባላጋራው የጠበቀው ካርታ እንዳልመጣለትም ጮክ ብሎ ገመተ። ግምቱ ትክክል ነበር። ግን ካርታውን ጣለ። ብዙ ሳይቆይ ውድድሩ አበቃ፤ የሒሳብ ሠራተኛው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ።

ከሁለቱ የትኛው ነው መኒሜከርን ያስከበረው? ሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ካርታው አሸነፈለት፤ በሁለተኛው ካርታ ሳይኖረው ሰውን አንብቦ ወሰነ። ያ ብለፍ ባይሳካ ኖሮ ውሳኔው መጥፎ ይሆን ነበር ማለት አይደለም፤ ያቺ ኤስ መውጣቷም የመጀመሪያውን ውርርድ የበለጠ ብልህ አላደረገችውም። ውጤት ስለ ውሳኔ ይመሰክራል፤ ግን ሁልጊዜ እውነተኛ ምስክር አይደለም።

በዚያ ዓመት ቴሌቪዥን የተደበቁትን ካርታዎች ለተመልካች ያሳይ ስለ ነበር ዓለም ጉድ አለ። በ2004 ተወዳዳሪው 2,576፣ በ2005 5,619፣ በ2006 8,773 ሆነ። የሒሳብ ሠራተኛ ከቻለ እኔስ ያለ ሁሉ ወጣ። አብዛኛው ተበላ። ከመኒሜከር ታሪክ ኤሷን ሰምቶ የ839ኙን ቁጥር ያልሰማ ነበርና።

ሁለተኛዋ ማሪያ ኮኒኮቫ ናት፤ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሥነ ልቡና የዶክትሬት ዲግሪ የያዘች ደራሲ። ፖከርን የጀመረችው ዕድልና ችሎታ በሰው ኑሮ ውስጥ የት ላይ እንደሚለያዩ ለመመርመር ነው። ስትጀምር አንድ ካርታ ስንት ቅጠል እንዳለው እንኳ አታውቅም ነበር። ኤሪክ ሳይደል የሚባል አንጋፋ ባለሙያ አስተማሪ ሆናት። ይህ ሰው ራሱ በ1988 ዋናውን ውድድር በመጨረሻው ፍልሚያ በጆኒ ቻን ተረትቶ ነበር፤ ሽንፈትን ያውቃል።

ትምህርቱ እንዴት ሄደ? ዘሎ ትልቅ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ የለም። በኒው ዮርክ በኢንተርኔት መጫወት ስለማይፈቀድ ወንዙን ተሻግራ ኒው ጀርሲ ቡና ቤት ተቀምጣ በሳንቲም ትጫወት ነበር። በትንሹ ሳታሸንፍ ወደ መካከለኛው አትሻገርም። አስተማሪዋ አንድ ነገር አጥብቆ ከለከላት፤ «እኔ ጥሩ ይዤ ነበር፣ እሱ በመጨረሻዋ ካርታ በላኝ» የሚል ታሪክ ይዛ እንዳትመጣ። መስማት የሚፈልገው ምን አይታ፣ ምን ገምታ፣ ለምን እንደ ወሰነች ነው። መብላቷና መበላቷ አያስጨንቀውም። በጥር 2018 በባሃማስ በተካሄደ ውድድር አሸንፋ 84,600 ዶላር ወሰደች፤ በ2020ም ልምዷን በመጽሐፍ አሳተመች።

እዚህ ላይ ክርክር የሚያነሣ አይጠፋም፤ «ታዲያ ካርታው ካልረዳ ችሎታ ምን ይሠራል?» ለዚህ የኖርዌይቱን አኔት ኦብረስታድን እጠራለሁ። በ2007 ለ180 ሰዎች በተዘጋጀ ትንሽ የኢንተርኔት ውድድር የራሷን ካርታ ሸፍና ተጫወተች፤ ከአንድ ጊዜ በቀር አላየችውም። የምታየው ባላጋራዎቿ ምን ያህል እንደሚያስይዙና መቼ እንደሚያመነቱ ብቻ ነበር። አንደኛ ወጣች። በዚያው ዓመት በ18 ዓመቷ በለንደን የአውሮፓውን ሻምፒዮና አሸንፋ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ወሰደች።

ሦስቱንም የሚያገናኛቸው ሌላ ነገር አለ፤ ቁጣን መግዛት። ተበልቶ የተናደደ ተጫዋች ቀጥሎ የሚመጣውን ካርታ ሁሉ ይጫወታል፤ ለመመለስ ይቸኩላል፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሁለት ቀን ድካሙን ይጥላል። ይህን ትምህርት አገራችሁ ላስታ ከማንም መዋስ አያስፈልጋትም። ገና በዚህች ከተማ እንዴት እንደሚከበር ዓለም ያውቃል። የገናን ዱላና ጥንግ ይዞ ሜዳ የወጣ ሁሉ ደግሞ በዚያ ጨዋታ ጌታም ቢሆን እንደማይቆጣ ያውቃል። ሎሌው ጌታውን ቢያሸንፈው፣ ቢቀልድበትም፣ ቂም የለም። አባቶቻችን ይህን ደንብ ያወጡት ጨዋታ ከቁጣ ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያፈርስ ስላዩ ነው።

አሁን ጣፋጩን ትቼ መራራውን ልናገር። በ2024 በዋናው ውድድር 10,112 ሰዎች ገቡ። በአንድ ላይ ከ101 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፈሉ። ለሽልማት የዋለው 94,041,600 ዶላር ነው፤ ሰባት ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ገና ካርታ ሳይበወዝ ከተጫዋቾቹ እጅ ወጥቷል። አንደኛው 10 ሚሊዮን ወሰደ። ሽልማት የደረሳቸው ከመቶ 15 ያህሉ ናቸው። የቀሩት ከ8,500 በላይ ሰዎች ከባዶ እጅ በቀር ምንም አልያዙም፤ ከመካከላቸው በጣም ጎበዞች ነበሩ። ጎበዝ ተጫዋችም ቢሆን ከሚገባባቸው ውድድሮች አብዛኛውን በባዶ ይወጣል። የሚተርፈው በጥቂቱ ቀን የሚያገኘው የብዙውን ቀን ኪሳራ ስለሚሸፍንለት፣ እንዲሁም ለጨዋታ ያዋለውን ገንዘብ ከልጆቹ እንጀራ ለይቶ ስላስቀመጠ ነው። ይህን የማያሟላ ሰው ችሎታ ቢኖረውም አይዘልቅም።

የእኛ ልጆች የሚጫወቱት ግን ፖከር እንኳ አይደለም። በፖከር ባላጋራህ እንዳንተ የሚሳሳት ሰው ነው። በስፖርት ውርርድ ባላጋራህ ዋጋውን ራሱ የሚያወጣው ቁማር ቤት ነው። ወረቀት ብታወጡ አብረን እንሥራው። አቻ መለያየት በሌለበት ግጥሚያ ሁለት እኩል ዕድል ያላቸው ቡድኖች ይጫወታሉ እንበል። ሐቀኛው ዋጋ ለአንድ ብር ሁለት ብር ነው። ቤቱ ግን ለምሳሌ 1.85 ይሰጥሃል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። አሁን ዐሥር እንዲህ ያሉ ግጥሚያዎችን በአንድ ቲኬት ላይ ደርድር። ዐሥሩም የመግባታቸው ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። በሐቀኛው ዋጋ ለ10 ብር 10,240 ብር ይገባህ ነበር። በቤቱ ዋጋ የሚደርስህ 4,700 ብር ያህል ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኳሱ ሳይመታ ተወስዷል። ዘጠኙ ገብቶ አንዱ ሲቀር «ለጥቂት አመለጠኝ» ትላለህ። ለጥቂት አላመለጠህም፤ ገንዘቡ ቲኬቱ ከተቆረጠ ጀምሮ የአንተ አልነበረም። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የተባለው ለዚህ ነው።

መንግሥት በእኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ብሔራዊ ሎተሪን አቋቁሟል፤ የዕድል ጨዋታ ፈቃድም በዚሁ ተቋም ሲሰጥ ቆይቷል። ፈቃድ ማለት ግን ጨዋታው ሕጋዊ ነው ማለት ነው እንጂ ያዋጣሃል ማለት አይደለም። ሒሳቡን ሕግ አይሠራልህም።

ወደ ላስታ ልመለስና ነገሬን ልቋጭ። እዚህ የተቀመጠ ገበሬ ከማንኛውም ቁማርተኛ የበለጠ ከማይታይ ነገር ጋር ሲወስን ኖሯል። የበልግ ዝናብ ጠብ ሲል ይዝራ ወይስ ይቆይ? ዘሩን ሁሉ ያውጣ ወይስ ለመኸር ያስቀር? ዝናቡ ከድቶት ማሳው ቢደርቅ ጎረቤት «ተሳስቷል» ሊለው ይችላል። የሰማዩን ጠባይ አይቶ፣ ዘሩን ከፍሎ፣ ለቤተሰቡ አስቀርቶ ከሆነ ግን አልተሳሳተም፤ ዝናብ ቀረበት። ያለውን ዘር ሁሉ በመጀመሪያው ካፊያ በትኖ ዝናብ የጣለለት ጎረቤቱም ብልህ አልነበረም፤ ቀናው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በጥሩ ዓመት የሚያስተውል ሰው በክፉ ዓመት ቤቱን ያድናል። ጎብኚ ሲቀር ሥራ ያጣችሁ አስጎብኚዎችም ራሳችሁን በዚሁ ሚዛን መዝኑ፤ በኮሮና ዘመንም ሆነ በጦርነቱ የደረሰባችሁ የእናንተ ጥፋት አልነበረም። ከዚያ በኋላ የምትወስኑት ግን የእናንተ ነው። ገበሬው አደጋውን አልመረጠም፤ መሬቱ ሰጠው። ቲኬት የሚቆርጥ ወጣት ግን አደጋውን ገዝቶ ያመጣል።

ስለዚህ ለወጣቶች ሦስት ቃል አለኝ። ገንዘብ ከማስያዛችሁ በፊት የቤቱን ድርሻ አስሉ፤ ማስላት ካልቻላችሁ አታስይዙ። የተበላችሁትን ለማስመለስ አንድ ብር እንኳ አትጨምሩ። ስታሸንፉም ስትሸነፉም «ምን አይቼ ወሰንሁ?» ብላችሁ ጻፉ፤ በወሩ መጨረሻ ደብተሩ ከጓደኛ ምክር ይልቅ እውነቱን ይነግራችኋል።

ለአባቶች፣ ለእናቶችና ለመምህራን ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ልጅን «አትጫወት» ብሎ መቆጣት ብቻውን ስልኩን ከእጁ አያስጥልም። የሚያስብበት ጨዋታ ስጡት። በላስታ ትምህርት ቤቶች የገበጣ፣ የሰንጠረዥና የቼዝ ውድድር ይጀመር፤ የመጨረሻው ግጥሚያ በገና ሰሞን፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ በዚህችው ከተማ ይካሄድ። መግቢያው ነጻ፣ ሽልማቱ መጽሐፍ ይሁን። አዳራሽ ያላችሁ አዳራሽ፣ ሰንጠረዥ የሚያውቁ አረጋውያን ደግሞ ሙያቸውን ያዋጡ። ለዚህ ከዛሬ የተሻለ ቀን የለም፤ ስማችሁን መዝግባችሁ ውጡ።